የዳኛው እናት ሳሎን

በአገኘሁሽ ሳሎን ኳስ የሚያይ ሰው ዳኛውን መስደብ ካማረው ይቅርታ ጠይቆ ይነሳል፤ በር ላይ ጫማውን ያጠልቃል፤ ግቢውን አቋርጦ አጥሩ ጥግ ካለው አቮካዶ ሥር ይቆማል፤ የሆዱን ተናግሮ ይመለሳል። ሲገባ እጁን ታጥቦ የመጣ ይመስል መዳፉን እያሻሸ ነው፤ የት ነበርክ የሚለው የለም። እንግሊዞች ሲጫወቱ ይህ ሕግ አይሠራም። የእንግሊዝ ዳኛ እናት ኔቀምት ውስጥ ሳሎን ስለሌላት እሱን ሶፋው ላይ እንደተንጋለሉ ማብጠልጠል ይቻላል። ሕጉ የሚሠራው የከተማው ጨዋታ በስልክ እየተቀረጸ በቀጥታ ሲተላለፍ፣ የአገኘሁሽ ልጅ ሌሊሳም ፊሽካ ይዞ ሜዳው መሃል ሲታይ ነው። ያወጣው ሰው የለም። የሰው ቤት ተቀምጦ፣ ቆሎዋን እየቆረጠሙ ልጇን መስደብ ነውር ስለሆነ በራሱ ጊዜ የመጣ ሕግ ነው።

አገኘሁሽ የማታውቅ ትመስላለች እንጂ ታውቃለች። የጓዳዋ መስኮት ከአቮካዶው ፊት ለፊት ነው፤ ሻይ ልትጥድ ገብታ ብዙ ሰምታለች። ዳኛ ሲሰደብ የሚጀመረው ከእናቱ ነው፤ እዚህ ግን እናቱ ቆሎውን ያቀረበችው ሴት ናት። ስለዚህ ዕድሜያቸውን በአውቶቡስ መሪ ላይ የጨረሱት፣ ዛሬ የቤተክርስቲያናቸው ሽማግሌ የሆኑት ጎረቤቷ ኦቦ ኢዶሳ አንድ ቀን ከዛፉ ሥር ቆመው ብዙ ካሰቡ በኋላ የዳኛውን አክስት ሰደቡ። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም አክስቱን ነው የሚሰድቡት። ሌሊሳ በእናቱም በአባቱም ወገን አክስት የለውም። አገኘሁሽ ያን ቀን ጓዳ ውስጥ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች፤ ሳቋ ሲያልቅ ግን ልቧን አንድ ነገር ቆነጠጣት። እሷን ላለመስደብ ሰው ይህን ያህል የሚቸገረው ሳሎኗ ውስጥ ሆኖ ነው። ሁለት መንገድ ተሻግሮ ባለው ስታዲየም ግን ልጇ ፊሽካ በነፋ ቁጥር የማን ስም እንደሚነሳ ማንም ሊደብቃት አይችልም።

የዚያን እሑድ ጠዋት ሌሊሳ ቁርስ ላይ ሳለ ስልኩ ጮኸ። የግንቦት መጨረሻ ነው፤ ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ከቆርቆሮው ጫፍ ገና ይንጠባጠባል፤ ጉሙ ከባሕር ዛፎቹ ላይ አልተነሳም። ሌሊሳ እሺ፣ እሺ ብሎ ዘጋውና ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ ነገራት። የሰፈሮቹን ዋንጫ ፍጻሜ ሊያጫውት ከጊምቢ ይመጣ የነበረው ዳኛ መንገድ ተዘግቶበት ቀርቷል፤ የመሃል ዳኛ እሱ ሆኗል። አገኘሁሽ ሻይ እየቀዳች ነበር፤ ብርጭቆው ሞልቶ እስኪፈስ ድረስ አላየችውም። ፍጻሜው በገበያ ሰፈርና በላይ ሰፈር መካከል ነው። ላይ ሰፈር ማለት ደግሞ ይህ ቤት ያለበት፣ ሌሊሳ ተወልዶ ያደገበት፣ ቅዳሜና እሑድ ሳሎኗን የሚሞሉት ሰዎች ሁሉ የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ለሰፈሩ ቢያደላ ዳኝነቱ ያበቃለታል። እንዳላደላ ለማሳየት ሰፈሩን ቢጎዳ ደግሞ ነገ ዳቦ የሚገዛው ከዚሁ ሰፈር ነው። ሌላ ሰው የለም ወይ ብላ ጠየቀችው፤ የለም አላት። ከዚያ በኋላ ብርጭቆው ውስጥ ከሚዞረው ማንኪያ በቀር ድምፅ አልነበረም።

እንዲህ ያለው ዝምታ በመካከላቸው ከገባ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ባሏ ደረሳ በሕይወት ሳለ አንድ እሑድ ሳያስታጉሉ አብረው ስታዲየም ይገቡ ነበር። አገኘሁሽ ከወሎ በሰፈራ መጥተው ጊዳ አያና ጎጆ የቀለሱ ገበሬዎች ልጅ ናት፤ ደረሳን አግብታ ኔቀምት ስትገባ ኳስ ሰዎች ለምን እንደሚያባርሩት እንኳ አታውቅም ነበር። ሁሉንም የተማረችው ከሲሚንቶው ደረጃ ላይ፣ ከደረሳ ጋር አንድ ኮት ተከናንባ ነው። እሱ ካረፈ በኋላ ሌሊሳ የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲመራ ብቻዋን ሄዳ በድሮው ቦታቸው ተቀመጠች። ከፊቷ ያለ ጎረምሳ ብድግ ብሎ የዳኛውን እናት ሲሰድብ፣ እጇ እሷን ሳያማክር ጃንጥላዋን አነሳና አናቱ ላይ አሳረፈበት። ጎረምሳው አልተጎዳም፤ ስታዲየሙ ግን በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ሌሊሳ የማይወደድ ፊሽካ ሲነፋ ሕዝቡ በአንድ አፍ "ጃንጥላ! ጃንጥላ!" ይለዋል። ማታ ቤት ሲገባ አልተቆጣትም፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር። "እማ፣ ተቀምጠሽ መስማት ካልቻልሽ እኔ ባለሁበት ሜዳ አትምጪ" አላትና ክፍሉ ገባ። ሁለት ዓመት ሙሉ እችላለሁ ልትለው ትፈልጋለች። መቻሏን ግን አታውቅም፤ ሳታውቅ ደግሞ ልጇን ሁለተኛ ማሳቂያ ልታደርገው አልፈለገችም።

ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሲወጣ በሩ ላይ ዞር አለ። ቤት ሁኚ አላት። የት እሄዳለሁ አለችው። ሁለቱም ሌላ ነገር ሊሉ ፈልገው እንደነበር ሁለቱም ያውቁታል፤ ግን ባጃጅ ደጃፉ ላይ ደርሶ ነበር።

ከሰዓት ሳሎኑ ሞላ። ስታዲየሙ አፍንጫቸው ሥር እያለ ሰዎች ለምን እሷ ቤት እንደሚመጡ አገኘሁሽ ጠይቃ አታውቅም፤ ሳትጠይቃቸው ግን ሁሉም ነግረዋታል። ከማዶ ያለችው መምህርት ሂሩት፣ በስታዲየሙ በር ላይ በሚፈጠረው ግፊያ ባለቤቱ የማይታወቅ እጅ ሰውነቷ ላይ ሲንቀሳቀስ ተሸክማ መግባት ሰልችቷታል፤ ሴት የምትገባበት ሽንት ቤትም የለም። እዚህ እግሯን ሶፋው ላይ አጥፋ፣ ፀጉሯን ፈታ ታያለች። መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ያለው ሙሐመድኑር በዚያው ግፊያ ስልክ አስበልቷል፤ ደግሞም ስታዲየም ጎል አንዴ ገብቶ ያልፋል፣ ቴሌቪዥን ግን እስኪጠግቡት ይደጋግምልሃል ይላል። መግቢያው ሃምሳ ብር ነው፤ ደረቅ ቦታ የሚገኝበት ወገን ደግሞ መቶ። አገኘሁሽ ቤት ግን አንዳንዴ ስኳር ይዞ መምጣት ይበቃል። ኦቦ ኢዶሳ ጉልበቴን ቅዝቃዜው ይጠዘጥዘኛል ነው የሚሉት። እውነተኛውን ምክንያት አንድ ቀን፣ ሌሎቹ ሳይመጡ በፊት ለእሷ ብቻ ነግረዋታል፤ በዚያ የተኩስና የስደት ክፉ ጊዜ የጊዳ አያናን መንገድ ሲነዱ ከከረሙ ወዲህ ብዙ ሰው በአንድ ላይ ሲጮህ፣ ልባቸው የኳስ ጩኸት መሆኑን ቶሎ አያምንላቸውም። አገኘሁሽ የኪራሙና የአያና ዘመዶቿን አስባ ራሷን ነቀነቀች፤ ቡናቸውንም ጨመረችላቸው። እሷ ራሷ ከእነዚህ ምክንያቶች አንዱም የላትም። ብርዱንም፣ ግፊያውንም፣ የረጠበውን ሣር ሽታም ትወደው ነበር።

ይህ ሳሎን ሌላ ሳሎን የሌለው አንድ ጠባይ አለው። ስታዲየሙ ቅርብ ስለሆነ ጩኸቱ በመስኮት በቀጥታ ይገባል፤ ምስሉ ግን በስልክ ተልኮ፣ የት የት ዞሮ ቴሌቪዥኑ ላይ እስኪደርስ ይዘገያል። ጎል መግባቱ በመስኮት ይሰማል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ግን ኳሷ ገና ከበረኛው እጅ አልወጣችም። በዚያች መካከል ቤቱ ጸጥ ይላል። ሁሉም ሊሆን ያለውን አውቀው፣ ምንም የማያውቁትን ልጆች ሜዳው ላይ ሲሮጡ በሐዘኔታ ያዩዋቸዋል። አገኘሁሽ ይህችን ጊዜ ትወዳታለች። ሰውነቷ ሶፋው ላይ ሆኖ ከራሷ ትንሽ ከፍ ብላ የምትንሳፈፍ ይመስላታል፤ አንዳንዴም ደረሳ ጎኗ የተቀመጠ ይመስላትና ወደ ዳር ጠጋ ትልለታለች። ሲተኙ ህልም፣ ሲነቁ ህልም የሚያሰኝ ነገር ነው።

የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ጎል አለቀ። ሌሊሳ ለላይ ሰፈር አንድ ቢጫ፣ ለገበያ ሰፈር አንድ ቢጫ ሰጥቷል፤ ሙሐመድኑር አንዴ፣ ኦቦ ኢዶሳ ሁለቴ አቮካዶው ጋ ደርሰው መጥተዋል። ሂሩት እንኳ፣ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ በማይለይ ፊት፣ ስልክ ላናግር ብላ ወጥታ ነበር። ሲመለሱ ጫማቸውን በር ላይ ቢያወልቁም የሱሪያቸው ጫፍ ጭቃ ይዞ ይገባል፤ አገኘሁሽ ምንጣፏን አይታ ታልፋለች። ልጇ ሜዳው ላይ ትንሽዬ ነው፤ ስልኩን ይዞ የሚቀርጸው ሰው ከሩቅ ስለቆመ ፊቱ አይለይም። አሯሯጡን ግን ታውቀዋለች፤ አባቱ ለአውቶቡስ ሲሮጥ እንደዚያው አንድ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ነበር።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲቃረብ ካፊያ ጀመረ። በመስኮት አንድ ጩኸት ገባ። የጎል ጩኸት አይደለም፤ የጎል ጩኸት ወደ ላይ ይወጣል፣ ይህኛው መሃል ላይ ተቆረጠ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ። አገኘሁሽ በዚህ ሳሎን ብዙ ነገር ሰምታለች፣ ስታዲየሙ በጨዋታ መሃል ዝም ሲል ግን ሰምታ አታውቅም። ሁሉም ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ። እዚያ ምንም አልሆነም። ሌሊሳ በካፊያው ውስጥ፣ አንድ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ፣ በእርጋታ እየሮጠ ነው። ልጄ እዚያ ደኅና ነው፣ እዚህ ግን የሆነው ሁሉ ሆኗል ብላ አሰበች፤ ያችን የምትወዳትን መካከል በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠላቻት። ምስሉ ሌሊሳ አንድ እግሩን እንዳነሳ ቀጥ ብሎ ቆመ። ኔትወርኩ ሄዷል። ሙሐመድኑር ስልኩን ነካካ፣ ሂሩት ይመጣል፣ ይመጣል አለች። ከውጭ አሁንም ድምፅ የለም። ድንጋይ ወርውረውበት ነው አለች በሆዷ። ኦቦ ኢዶሳ ፊታቸው አመድ መስሎ ሶፋውን ይዘው ነበር፤ አዩዋት፣ ምንም አላሉም። ያ ዝምታቸው ነው ያስነሳት።

በቤት ውስጥ ነጠላ ጫማዋ፣ ራሷን ሳትሸፍን ወጣች። መንገዱ ባዶ ነው። ካፊያው ከመውረድ ይልቅ አየር ላይ የቆመ ይመስላል፤ ጉሙ እስከ ሱቆቹ ቆርቆሮ ወርዶ ሰፈሩን የማታውቀው አገር አስመስሎታል። እየሮጠች ነው ወይስ እየሄደች መለየት አልቻለችም። እግሯ መሬት ይነካል፣ መሬቱ ግን አይሰማትም። ሁለተኛውን መንገድ ስትሻገር ፊሽካ ሰማች። ረጅም ነው። የልጇ አነፋፍ ይሁን የሌላ ሰው አላወቀችም፤ ወዲያው ከግድግዳው በላይ ያ የምትፈራው ጩኸት ተነሳ፤ ቀጥሎ ሌላ ጩኸት፣ ይህኛው ወደ ላይ የሚወጣው። ቴሌቪዥን በሌለበት መንገድ ላይ ብቻዋን ቆማ ሁለቱንም ሰማች፤ የትኛው ምን እንደሆነ የሚያሳያት ምስል አልተከተለም።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በሩ ይከፈታል፤ ፈታሽም ትኬት ቆራጭም አልነበረም። ገባች። መጀመሪያ ያየችው ሌሊሳን ነው፤ ቆሟል። ፊቱ በግማሽ ጭቃ ለብሷል፣ ማሊያውም እስከ ደረቱ ጭቃ ነው። ደረጃው ላይ ያገኘቻቸው አንዲት ቆሎ ሻጭ ነገሯት። ከቅርብ የተመታች ኳስ ፊቱን አግኝታው ወድቆ ነበር፤ ሰው ሁሉ ሞተ ብሎ ደንግጦ ዝም አለ፤ ተነሳ፤ ከተነሳ በኋላ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ከመውደቁ በፊት ሳጥኑ ውስጥ ላየው ጥፋት በላይ ሰፈር ላይ ፍጹም ቅጣት ምት መስጠት ነው። ገበያ ሰፈር አገባ። ሴትዮዋ ይህን ነግረዋት ሲያበቁ ከላይ ሰፈር ወገን "ጃንጥላ! ጃንጥላ!" የሚለው ተነሳ፤ ከመሃሉ ደግሞ የእናቱ ስድብ፣ በኦሮምኛውም በአማርኛውም፣ ሳይሸፋፈን መጣ።

አገኘሁሽ ከደረሳ ጋር ትቀመጥበት የነበረውን ደረጃ ፈልጋ ተቀመጠች። ሲሚንቶው እርጥብ ነው። ጎኗ ቢጫ ጃኬት የለበሰ፣ ደረሳ ሲያገባት በነበረበት ዕድሜ ያለ ሰው ቆሞ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይሳደባል። እጆቿ እንደዚያን ጊዜው ሊነሱ ቃጡ። እጆቿን ጉልበቶቿ መሃል አድርጋ ያዘቻቸው። ያማል፤ ሁለት ዓመት ሲያማት ከከረመው ሌላ ነው እንጂ ያማል። ቤቷ ሶፋ ላይ ሆና ስታስበው ስድቡ አንድ ትልቅ ነገር ነበር፤ እዚህ ግን እየመጣ የሚያልፍ፣ ልክ እንደ ካፊያው ሁሉም ላይ የሚያርፍ ነው። ሌሊሳ ደግሞ በዚህ ውስጥ በየሳምንቱ ይሮጣል። አሁንም እየሮጠ ነው፤ የቀኝ መስመሩን ተከትሎ በፊቷ ሲያልፍ ቀና አለና አያት። አልቆመም። ፊሽካውን ግን ከአፉ አውርዶ መልሶ ጎረሰው።

ሳሎኑ ተከትሏት መጣ። ሂሩት ፀጉሯን እየቋጠረች፣ ሙሐመድኑር የአገኘሁሽን ሻርፕ ይዞ፣ ኦቦ ኢዶሳ ከኋላ ሆነው ደረጃውን ወጡ፤ ሕዝቡ በጮኸ ቁጥር ሽማግሌው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሻርፑን ሰጥተዋት አጠገቧ ተቀመጡ። ወዲያው የላይ ሰፈሩ አጥቂ ሳጥኑ ውስጥ ወደቀ። ሌሊሳ ተነስ ብሎ በእጁ ጠቆመው። ኦቦ ኢዶሳ ጉልበታቸውን ረስተው ብድግ አሉ፤ የሽምግልናቸውን ሁሉ ያህል ጮክ ብለው የዳኛውን እናት፣ አክስቱን ሳይሆን እናቱን፣ ሰደቡ። ከዚያ ማን ጎናቸው እንዳለች ትዝ አላቸው። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ሂሩት ፊቷን ሸፈነች።

"ይቀመጡ፣ ኦቦ ኢዶሳ" አለች አገኘሁሽ። "ይሄ የኔ ሳሎን አይደለም። እዚህ ይፈቀዳል።"

ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሏት ዞር ስትል እየሳቁ ነበር፤ ከዚያ ክፉ ጊዜ ወዲህ ሕዝብ መሃል ሆነው ሲስቁ ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነው። እሷም ሳቋ መጣ፤ ዕንባ ተቀላቅሎበት ስለነበር ሻርፑን ፊቷ ላይ አደረገችው።

የመጨረሻው ፊሽካ ተነፋ፤ ላይ ሰፈር ተሸነፈ። ዳኛ ከእንዲህ ያለ ጨዋታ በኋላ በፖሊስ ተከቦ በኋላ በር ነው የሚወጣው። ሌሊሳ ከፖሊሶቹ ጋር ግማሽ መንገድ ሄደና ተመለሰ፤ አጥሩን ዘሎ ደረጃውን ወጣ። ከፊቷ ሲቆም ዓይኑ ሥር ማበጡን አየች፤ እጇ ሊነካው ተነሳ፣ መልሳ ያዘችው።

"ሁሉንም ሰማሽ?" አላት።

"ሰማሁ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ተቀምጬ ነዋ የሰማሁት።"

ሌሊሳ ፊሽካውን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ክንዷን ያዘ። ፖሊሱ በወዲህ በኩል ብሎ ወደ ኋላ በሩ ቢጠቁምም አገኘሁሽ አልሰማችም፤ ሰው ወደሚበዛበት፣ ወደ ዋናው በር ነው የወረደችው፤ እሱም አልተቃወመም። እዚያ የላይ ሰፈር ደጋፊ መንገዱን ሞልቶ ዳኛውን ይጠብቅ ነበር። ዳኛውን ነው የጠበቁት እንጂ እናቱን አልጠበቁም። ጩኸቱ ከፊት ጀምሮ እየተቆረጠ ወደ ኋላ ሄደ። ሁሉም ሲሰድቧት የዋሉ፣ ማንም ግን ፊቷን ያላሰበው ሴት፣ በነጠላ ጫማ፣ ከልጇ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዛ ፊታቸው ቆማለች። ከሁሉ ፊት ያለው ባለ ቢጫ ጃኬቱ ነው። አፉ ገና እንደተከፈተ ነበር። እናት መንገድ ላይ ስታጋጥም የሚባል ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ሌላ ነገር ለማለት እዚህ አገር ያደገ ሰው ምላሱ አይታዘዝለትም። ኮፍያውን አወለቀና ጎንበስ ብሎ ደኅንነቷን ጠየቀ።

"አካም ጅርቱ፣ አዴ?"

"ነጋ" አለችው አገኘሁሽ። "እናትህስ? ደኅና ናት?"

ሰውየው ኮፍያውን በሁለት እጁ እያዞረ መሬት መሬቱን አየ። ደኅና ናት አላት፤ ከጎኑ ያለውም፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም፣ በየተራ እየተጎነበሱ ሰላም ይሏት ጀመር።